«ስስቅ ይንቁኛል፣ ስቆጣ ይሸሹኛል»

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጆች፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በአንድ ክፍል 54 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ተማሪ እያለሁ አስተማሪዎቼን በጣም እፈራ ስለነበር እኔ እንደዚያ አልሆንም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ልክ እንደ ታላቅ እህት ሆንኩላቸው። አብሬያቸው እስቃለሁ፣ የቤት ሥራ ያልሠራውን «በቃ ነገ አምጣ» እለዋለሁ፣ ሲያወሩም አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ። በእረፍት ሰዓት ከበውኝ ነበር የሚውሉት። ክፍል ውስጥ ግን ድምፄን የሚሰማ አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ውጤታቸውን ስደምር አለቀስኩ።

ዘንድሮ ብዙ ዓመት ያስተማሩ አንዲት ባልደረባዬ «ፊት ሰጥተሻቸው ነው፤ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ጥርስሽን አታሳያቸው» አሉኝ። ሰማኋቸው። አሁን እጮሃለሁ፣ ያወራውን አስወጣለሁ፣ አንዱ ሲያጠፋ ሁሉንም አስነስቼ አቆማለሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚጠይቅ ልጅ ግን ጠፋ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ባዞርኩ ቁጥር ደግሞ መልሰው ይንጫጫሉ።

ከሁሉም የከበደኝ የአንዲት ልጅ ነገር ነው። ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፤ ባይገባትም ደጋግማ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። የክፍልፋይ ድምር ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትሠራ ተሳሳተች። ደክሞኝ ነበር። «ይህንንም አታውቂም? ስንት ጊዜ ተምረሽዋል!» አልኳት። ክፍሉ ሳቀባት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ደብተሯን ስቀበላት እንኳ ቀና ብላ አታየኝም።

ተግባቢ ስሆን ይንቁኛል፣ ኮስተር ስል ይሸሹኛል። እባካችሁ የትኛዋን መምህርት ልሁን?

መሃል መንገድ የቀረሁት

———

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ስለ ክፍል ጸጥታ ይጀምርና እያዘገመ ሄዶ አንዲት ልጅ ላይ ይቆማል። ሌሎቹን 53 በጅምላ ነው የጻፍሽልኝ። እሷን ግን የት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንዳልሻት፣ ደብተሯን እንዴት እንደምትሰጥሽ ሳይቀር ነግረሽኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብሽ ውስጥ ይዘሻት ስለቆየሽ እኛም ከእሷ እንጀምር። ስለ ጸጥታው እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂያት። መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ የ13 ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ጥፋቱን ሲያምን የምታየው ከስንት አንዴ ነው፤ ስታይ ደግሞ አትረሳውም። የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው። «ይቅርታ፣ ግን አንቺም ብታጠኚ ኖሮ» ካልሻት ሁለተኛ መውቀስሽ ነው። «በጣም አዝኛለሁ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ» ብለሽ ስሜትሽን ከዘረገፍሽባት ደግሞ አንቺን ማጽናናት የእሷ ሥራ ሊሆን ነው። አጭር ይሁን፤ ሌሎች ሲወጡ በሩ አካባቢ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ። «ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ስትሠሪ የተናገርኩሽ ልክ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥያቄ ስትጠይቂ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል።» ይበቃል። መልስ አትጠብቂ። ዝም ብላ ብትሄድም ሰምታሻለች።

ነገር ግን የተነገራት በሰው ፊት ስለሆነ፣ ለብቻዋ የተባለ ይቅርታ ግማሹን ብቻ ነው የሚጠግነው። የሳቁት ልጆችም የሚሰሙት ነገር ያስፈልጋል። ስሟን ሳታነሺ፣ ወደ እሷም ሳታዪ ለክፍሉ ንገሪ፤ «ባለፈው ሰው ሲሳሳት የማይሆን ቃል ተናግሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሳሳት በዚህ ክፍል አያስነውርም። ከእንግዲህ እኔም እንዲያ አልናገርም፣ እናንተም አትስቁ።» ከዚያ በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ግቢ።

በዚያው ቀን ሰሌዳ ላይ እንዳትጠሪያት እለምንሻለሁ። «እምነቴን ላሳያት» ብለሽ ትሆናለሽ፤ ለእሷ ግን ያው ቦታ ነው። ይልቅ በማግስቱ በወንበሮቹ መሃል ስታልፊ ጎንበስ ብለሽ ደብተሯ ጥግ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፊላትና «ነገ ይህችን አነሳለሁ፤ ማታ ሞክሪያት። እጅሽን ካወጣሽ እጠራሻለሁ፣ ካላወጣሽ አልጠራሽም» በያት። ምርጫው በእጇ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን እጇ ላይወጣ ይችላል። ሌላ ጥያቄ ስጫትና ጠብቂ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። የትኛዋን መምህርት ልሁን ብለሻል። ባለፈው ዓመት ክፍሉን የበጠበጠው ፈገግታሽ ነው ብለሽ ደምድመሻል፤ ባልደረባሽም እንዲሁ። እስቲ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ሳቅሽ፤ ያ አንድ ነገር ነው። የቤት ሥራውን «ነገ አምጣ» አልሽ፣ ሲያወሩ አለፍሽ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ የናቁት የአንቺን ቃል ነው፤ ምክንያቱም ቃልሽ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጥ ነበር። ማክሰኞ የተባለው ሥራ ሐሙስም ተቀባይነት ካገኘ፣ ማክሰኞ የሚባል ቀን የለም ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ፈገግታውን አነሳሽው፤ ቃልሽ ግን አሁንም በስሜትሽ ላይ ተንጠልጥሏል። የደከመሽ ቀን የሚያስወጣ ጥፋት፣ ደህና የዋልሽ ቀን ይታለፋል። ስለዚህ ሁለቱ መምህርታት የሚለያዩት በፊታቸው ብቻ ነው።

ጃኮብ ኩኒን የተባለ ተመራማሪ ጸጥ ያሉና የሚታወኩ ክፍሎችን በቪዲዮ አስቀርጾ አነጻጽሮ ነበር፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ። ሲጀምር ይፈልግ የነበረው መምህራኑ ጥፋት ከተሠራ በኋላ የሚቆጡበትን መንገድ ነው። እዚያ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ልዩነቱን ያገኘው ጥፋቱ ከመፈጠሩ በፊት በሚሠሩት ሥራ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈም የኋላውን ወንበር ያውቃል፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ክፍተት አይተውም፣ ልጆቹን ሥራ አያስፈታም። አንቺም የጻፍሽልኝ ይህንኑ ነው፤ የሚንጫጩት ፊትሽን ወደ ሰሌዳው ስታዞሪ ነው። እንግዲህ ጀርባሽን የምትሰጪበትን ጊዜ እናሳጥረው። ረጅም የሚጻፍ ካለ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጻፊው፤ ወይም ጽሑፏ የምትነበብ ተማሪ ትጻፍና አንቺ በወንበሮቹ መሃል ተንቀሳቀሺ። መጻፍ ግድ ሲሆንብሽ ደግሞ ለክፍሉ የሚሠራ ነገር ሳትሰጪ አትዙሪ፤ «እኔ ይህን እስክጽፍ ቁጥር 2ን ሞክሩ።»

ብዙ የሚበላሸው የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ነው። ትገቢያለሽ፣ ስም ትጠሪያለሽ፣ 54 ልጅ ሥራ ፈትቶ ይጠብቅሻል። ሥራ የፈታ ልጅ ያወራል፤ ከዚያ ወሬውን ለማስቆም ትጮሂያለሽ፤ ትምህርቱ በጩኸት ተጀመረ ማለት ነው። ይልቅ ሰሌዳው ላይ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጠብቋቸው፤ አንዱ ከትናንቱ፣ አንዱ ከባለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከባለፈው ወር ትምህርት። ደብተር ሳይገልጡ፣ በ4 ደቂቃ። እነሱ ሲሠሩ አንቺ ስም ሳትጠሪ የመቀመጫውን ዝርዝር እያየሽ ቀሪውን ትመዘግቢያለሽ። ከዚያ በ2 ደቂቃ መልሱን ትናገሪያለሽ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያርማል።

ይህ ለጸጥታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች አስነብበው፣ ከፊሉን ደግመው እንዲያነቡ፣ ከፊሉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ባለፈው ዓመት ያስለቀሰሽ ውጤት ላይ ይህም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም። ልጆች «ገብቶናል» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለውን እያዩ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች የሚበላሹባቸው መንገዶች አሉ። ማርክ ከሰጠሽባቸው ልጆቹ ይኮራረጃሉ፤ ስለዚህ ማርክ አይያዝባቸው። ከባድ ጥያቄ ካበዛሽ 15 ደቂቃ ይበሉብሻል። ከሦስቱ ሁለቱ ደካማ የምትዪው ልጅ እንኳ የሚሠራቸው ይሁኑ፤ ቀኑን በትክክለኛ መልስ የጀመረ ልጅ ለሦስተኛው ይደፍራል።

ስለ አጠያየቅሽም ልንገርሽ፤ ከልጆቹ ጋር ያለሽ ነገር በእውነት የሚገነባው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁበትን ጊዜ ለክታ ነበር። በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝምተኞቹም ይመልሱ ጀመር። ሦስት ሰከንድ ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል፤ 54 ልጅ ፊት ቆመሽ ስትጠብቂው ግን ይረዝማል፤ ስለዚህ በልብሽ እስከ 5 ቁጠሪ። ጥያቄውን አስቀድሚ፣ ጠብቂ፣ ስም በመጨረሻ። «አበበ፣ የዚህ መልስ ስንት ነው?» ካልሽ የቀሩት 53 ማሰባቸውን አቆሙ። «የዚህ መልስ ስንት ይሆናል?» ብለሽ ከቆየሽ በኋላ ስም ስትጠሪ ግን ሁሉም «እኔ ብሆንስ?» ብሎ ሲያስብ ቆይቷል። ከበድ ላለው ጥያቄ ደግሞ አንድ ደቂቃ ለብቻ፣ አንድ ደቂቃ አጠገባቸው ካለው ጋር ይነጋገሩበት። ለብቻዋ መሳሳት የምትፈራ ልጅ «እኛ እንዲህ አልን» ለማለት ትደፍራለች።

አንድ ነገር ለአንድ ሳምንት ሞክሪልኝ። የመቀመጫውን ዝርዝር ይዘሽ የጠራሽው ልጅ ስም ላይ ጭረት አድርጊ። ዓርብ ስትቆጥሪው ጭረቶቹ ጥቂት ልጆች ላይ ተከምረው ታገኚያቸዋለሽ ብዬ እገምታለሁ። በዚህ አትዘኚ፤ የብዙ መምህራን ነገር ነው። ጄሪ ብሮፊና ቶማስ ጉድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጎበዝ ብለው የሚያስቡት ልጅ መልስ ሲያጣ ጥያቄውን ለውጠው ሌላ ዕድል እንደሚሰጡት፣ ደካማ የሚሉት ሲያጣ ግን ቶሎ ወደ ሌላ እንደሚያልፉ አሳይተዋል። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ልጁን ከማፈር ለማዳን ብለው ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን «ከእኔ ምንም አይጠበቅም» ብሎ ይተረጉመዋል።

ወደ ክፍልፋዩ ልመለስ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ምን እንደጻፈች አልነገርሽኝም። በዚህ ደረጃ በብዛት የሚታየው ስህተት ግን 1/2 + 1/3 ሲባል 2/5 ማለት ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምሩታል። ይህን የሚጽፍ ልጅ ሳያስብ የጻፈ ይመስላል፤ አስቦ ነው። ለሙሉ ቁጥር ዘወትር የሠራለትን መደመር ይዞ መጣ። በዚያ ላይ ማባዛት ሲማር ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ይባዛል ተብሏል፤ ያ ደግሞ ትክክል ነው። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ተምረሽዋል» የሚለው አባባል ስህተቱን አይነካውም፤ ይባስ ብሎ ብዙ መማሩ ራሱ ሊያጠናክረው ይችላል።

እንዲህ ያለ መልስ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ «ስህተት» ብለሽ አታጥፊው። «እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪን» በያት። ከነገረችሽ በኋላ ክፍሉን በሙሉ ወደ ደብተራቸው ካሬዎች ውሰጃቸው። 30 ካሬ በአንድ መስመር ያስምሩ። ግማሹ ስንት ነው? 15። ሲሶውስ? 10። ሁለት አምስተኛውስ? 12። እዚህ ላይ ዝም በይ። ከ15 ላይ 10 ጨምረን እንዴት ወደ 12 ወረድን? ከ54ቱ አንዱ ቀድሞ ያየዋል፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። 25 ካሬ መሆን ነበረበት፤ 25/30፣ ሲቃለል 5/6። የጋራ ታህት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ሐተታ አያሻም፤ ካሬዎቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ እንደሚደመሩ በዓይናቸው አይተውታል። በመጨረሻም «ይህ ጥያቄ ባይነሳ ኖሮ ይህን ሁሉ አናይም ነበር» በይ። እውነትም ነው፤ አናይም ነበር። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተው ልጅ ወደ ወንበሩ የሚመለሰው ለክፍሉ አንድ ነገር ሰጥቶ ነው።

ያየሽ እንደሆነ እዚህ ውስጥ ሳቅም ቁጣም አልገባም። ልጅ ከመምህሩ ጋር የሚቀራረበው በእረፍት ሰዓት ወሬ ብቻ ይመስለናል። ሐሳቡን ሰምተሽ በቁም ነገር ስትይዢለት የሚሰማው ቅርበት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ክፍሉንም አይረብሽም።

ሥርዓቱን በተመለከተ፣ ሕጎችሽ ከሦስት አይብለጡ፤ ምን አይደረግም ሳይሆን ምን ይደረጋል የሚሉ ይሁኑ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ሥራ በተባለው ቀን ይመጣል፤ በተሳሳተ ሰው አይሳቅም። ሦስተኛው እንኳ «አይ» የሚል ነው፤ ለዚህ ክፍል ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው እሱ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ። ቅጣቱ ትንሽና የማይቀር ይሁን። ትልቅ ቅጣት አንዴ ከሰጠሽ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ትፈሪዋለሽና ታልፊዋለሽ። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ በማግስቱ በእረፍት 10 ደቂቃ ክፍል ቆይቶ ይሠራዋል፤ ምክንያት አይጠየቅ፣ ስድብም አይኖርም፣ ግን ሁልጊዜ ይሆናል። የምታወራ ልጅ ካለች ማስተማርሽን ሳታቋርጪ ሄደሽ አጠገቧ ቁሚ። ካልተወች ስሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ጥሪ። አሁንም ካልተወች ጎንበስ ብለሽ «ከሁለት አንዱን ምረጪ፤ እዚህ ሆነሽ መሥራት ወይም ፊት ወንበር መምጣት» በያትና መልስ ሳትጠብቂ ሂጂ። እዚያው ከቆምሽባት ክፍሉ ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎ ያያችኋል፤ እሷም ለተመልካች ስትል ትገፋበታለች።

በጫጫታ ላይ አትናገሪ። ድምፅሽን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር እነሱም ከፍ ያደርጋሉ። ንግግርሽን መሃል ላይ አቁሚ፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ቁሚ፤ ጸጥ እስኪሉ ጠብቂ፤ ከዚያ ካቆምሽበት ቃል ቀጥዪ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም ማስነሳቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ምንም ያላጠፋው ልጅ የሚማረው ጥሩ መሆን ዋጋ እንደሌለው ነው፤ ክፍሉም በአንቺ ላይ ያብራል።

እውነቱን አልደብቅሽም፤ ጩኸቱን ስትተዪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከአሁኑ የባሰ ይንጫጫሉ። «ተመለሰችልን» ብለው ይሞክሩሻል። ብዙ መምህር ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ያቺን 10 ደቂቃ ሳታስቀሪ፣ ፊትሽንም ሳታጠቁሪ ዝለቂው። ፈገግ እያሉ «አይሆንም» ማለት ይቻላል፤ መልመድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የ54 ልጅ ደብተር እርማት እንደሚያደክምሽ ከአነጋገርሽ ገብቶኛል። ለአንዱ 3 ደቂቃ ብትሰጪ 162 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያን ቀን «ደክሞኝ ነበር» ያልሽው ከዚህ አይለይም። በቀን 11 ደብተር ብቻ ሰብስቢ፤ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የቤት ሥራውም ከ4 ጥያቄ አይብለጥ። ደብተሩ ላይ ከማርክ ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ «ቁጥር 3 ላይ የጋራ ታህቱን በትክክል አግኝተሻል፤ ላዕሉን ማባዛት ረስተሻል።» ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ ያገኙ ልጆች ለሥራው ያላቸው ፍላጎት ሲጠበቅ፣ ማርክና አስተያየት አብረው የተሰጧቸው ግን ማርክ ብቻ እንዳገኙት ሆነው ተገኝተዋል። ማርክ ካለ ዓይን እሱ ላይ ይቀራል። የፈተናውን ማርክ እርግጥ ነው አታስቀሪውም፤ ይህ ለዕለት ሥራ ነው። የጻፍሽውን እንዲያርሙ ደግሞ ክፍል ውስጥ 5 ደቂቃ ስጪ፤ ካልሰጠሽ አያነቡትም።

በጣም የሚያስቸግርሽ አንድ ልጅ ካለ ለ10 ተከታታይ የትምህርት ቀናት በየቀኑ 2 ደቂቃ ስለሚወደው ነገር አናግሪው። ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሒሳብ አንድም ቃል አታንሺ። በሦስተኛው ቀን ቢሸሽሽ አይግረምሽ፤ ምን ልትጠይቀኝ ነው ብሎ ነው።

ታላቅ እህት ለመሆን ስትሞክሪ ግን አንድ ድንበር ጠብቂ። የአንቺን የግል ጉዳይ አትንገሪያቸው፤ በስልክ ለብቻቸው ማታ ማታ አትጻጻፊ። አንድ ልጅ «ለማንም አትናገሪ» ብሎ ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ጉዳት ቢነግርሽ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ቃል አትግቢ። «ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ፤ ሊረዳህ ለሚችል ሰው ግን መናገር አለብኝ» በይውና በዚያው ዕለት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሚመለከተው አድርሺ።

ባልደረባሽን በተመለከተ፣ መካሪሽ ክፉ አላሰቡም። ቃል መጽናት እንዳለበት ያውቃሉ፤ የነገሩሽ ግን ስለ ጥርስ ነው። አንድ ቀን ገብተው እንዲያዩሽ ለምኛቸው። «እንዴት አስተማርኩ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ «ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቅሁ? ስንት የተለያዩ ልጆች ጠራሁ?» የሚሉ ሁለት ነገሮችን ብቻ ይመዝግቡልሽ። ቁጥር ስለሆነ ሁለታችሁንም አያስቀይምም።

አንድ ጥያቄ ልተውልሽ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። እንደ ተማሪነትሽ ዘመን መምህራን ላለመሆን ቃል ገብተሽ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚያስፈራሽ ኮስታራ መሆናቸው ነበር ወይስ በሰው ፊት የሚያደርጉሽን አለማወቅሽ? ኮስታራ ሆኖ ያልፈራሽው፣ ምን እንደሚል ቀድመሽ የምታውቂው መምህር አልነበረሽም?

የፊታችን ሰኞ ሁሉንም ልጀምር እንዳትዪ። ሰኞ ለክፍሉ የምትናገሪውን ተናገሪ፤ ሦስቱን ሕጎች አስታውቂ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ሰሌዳው ላይ ይጠብቋቸው። ጥበቃውንና ጭረቱን በሁለተኛው ሳምንት፣ እርማቱን በሦስተኛው ጨምሪ። በመጀመሪያው ቀን ከምትሰበስቢያቸው 11 ደብተሮች ግን አንዱ የእሷ ይሁን፤ የምትጽፊላትም ዓረፍተ ነገር በትክክል ከሠራችው ይጀምር።